ወይፈኑና ቁራሽ ጨው



የቆጋ ግድብ ወደ 7,000 ሄክታር መሬት በመስኖ እንዲለማ ካስቻለ ወዲህ በሬ በበጋም ያርሳል። ስለዚህ ወይፈን ቶሎ እንዲገራ እንጣደፋለን። እኔም ቀንበር ሳስለምድ ወይፈኔን በጅራፍ ገረፍኩት። ተኛብኝ። በሦስተኛው ቀን ቀንበሩን ገና ሲያይ ይሸሽ ጀመር። ያስተማርኩት ማረስን ሳይሆን እኔን መፍራትን ነበር።

ማታ ኢማም ሙስሊም የዘገቡት ሐዲሥ ትዝ አለኝ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) አስቸጋሪ ግመል ተቀምጠው ወዲያ ወዲህ ሲያንገላቱት፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በልዝብነት እንዲይዙት መከሯቸው።

በማግስቱ ጅራፉን ትቼ ጨው ያዝኩ። ቀንበሩን ሲያሸት ጨው አላስኩት፤ አንገቱን ሲሰጥም እንዲሁ። ከለመደው በሬ ጋር ተጠምዶ ጥቂት ሲራመድ ወዲያው አላስኩት። ሲያምፅ ጨውም ጅራፍም የለም። ምንዳው ከዘገየ እንስሳው ለየትኛው ሥራ እንደተሰጠው አይገባውም። በታንዛኒያ ሞሮጎሮ ፈንጂ የሚያነፈንፉ አይጦችም የሚሠለጥኑት እንዲሁ ነው፤ ሲሳካላቸው "ቀጭ" የሚል ድምፅ ይሰማሉ፣ ወዲያው ይበላሉ።

ዛሬ ወይፈኑ ሲያየኝ ራሱ ይመጣል። የጅራፉ ሰንበር ግን ጀርባው ላይ አለ፤ ነገ አላህ ፊት እጠየቅበታለሁ። አላህ ይማረኝ፤ ለሁላችንም እዝነትን ይወፍቀን። አሚን።