ልጣጩ ለጉንዳን፣ አጎበሩ ለሌሊት

«ተፈጥሯዊ ነው፤ አይጎዳም» የሚለው ነገር ሲደጋገም እውነት ይመስላል። የብርቱካንና የሎሚ ልጣጭ ተባይ ያጠፋል የሚባለውም እንዲሁ ነው። እውነትነቱ ግን ግማሽ ነው።

ከብርቱካን ልጣጭ ከሚወጣው ዘይት 90 በመቶ በላዩ ሊሞኒን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። የነካውን ጉንዳን ወይም ቁንጫ ይገድላል። ነገር ግን ቶሎ ይተናል፤ ዛሬ ተረጭቶ ነገ ለሚመጣው ተባይ አይደርስም። ልጣጩን ቀቅሎ ውሃውን መርጨትማ ከሽታ ብዙም አያልፍም፤ ዘይትና ውሃ አይዋሃዱምና።

ይህ በሰቆጣ ደጋ የቁንጫ ጉዳይ ይሆናል። ወደ ተከዜ ሸለቆ፣ ወደ ዝቋላና አበርገሌ ቆላ ሲወረድ ግን የሕይወት ጉዳይ ነው። ሽታው የወባ ትንኝን ለጥቂት ጊዜ ቢያባርር እንኳ ሌሊቱ ረጅም ነው።

ጉዳትም አለው። ዘይቱ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፣ ድመት ይመርዛል፣ እሳት ይይዛል። በማሩ በሚታወቀው ዋግ ደግሞ ንብን ከቁንጫ ለይቶ አይምርም።

ሰው ኬሚካል መፍራቱ አላዋቂነት አይደለም። ለሰብል የተሠራ ማላታይን ለትኋን ተብሎ መኝታ ላይ ሲረጭ ያየ ሰው ቢፈራ ምን ይፈረድበታል? የፍርሃቱ መልስ ግን ሌላ ያልተፈተሸ ነገር አይደለም። እንዶድን ዓለም ያወቀው ተክል ስለሆነ ሳይሆን፣ አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ቀንድ አውጣ ሲገድል አይተው ለዓመታት ስለመረመሩት ነው።

ልጣጩ በጓዳ ላለ ጉንዳን ይሞከር። ልጆች የሚተኙበት አጎበር ግን በእሱ ምክንያት ተጠቅልሎ አይቀመጥ።