ከቂርያት መላኪ እስከ ያቭኔ፤ የሞተር ዘይት በሦስት ከተሞች



ቂርያት መላኪ፣ ገዴራና ያቭኔ ጎረቤታሞች ናቸው። ከቂርያት መላኪ ተነሥቶ በ40 ቁጥር መንገድ ወደ ሰሜን የሄደ ሰው ገዴራን ያገኛል። ከገዴራ ወደ ባሕሩ አቅጣጫ ሲታጠፍ ደግሞ ያቭኔ ናት። በሦስቱም ከተሞች ከኢትዮጵያ የመጡ ብዙ ቤተሰቦች ይኖራሉ፤ በሦስቱም ማታ ማታ በየፎቁ ሥር ትንንሽ ሞተሮች ቆመው ይታያሉ። ባለማርሹን በዕብራይስጥ ኦፋኖዓ፣ ማርሽ የማይቀየርበትን ትንሹን ቃትኖዓ ይሉታል። ልጆቻችን ምግብ ያደርሱበታል፣ ለሌሊት ሥራ ወደ ፋብሪካ ይሄዱበታል። በአንዳንድ ቤት የወሩ ኪራይ የሚከፈለው በእርሱ ነው። ሞተሩ ተቃጥሎ ቢቆም የጥገናው ዋጋ አሮጌውን ቃትኖዓ ራሱን ከገዛንበት ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ሦስቱን ከተሞች ስናስጎበኛችሁ የሞተር ዘይትን ነገር አብረን እናያለን።

ቂርያት መላኪ፦ ዘይቱን መምረጥ

ቂርያት መላኪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለአዲስ ገቢዎች ከተሠራ ጊዜያዊ ሰፈር፣ ማዕባራ ከሚባለው፣ የተነሣች ከተማ ናት። ስሟ «የመላእክት ከተማ» ማለት ሲሆን፣ ለግንባታዋ የረዱትን የሎስ አንጀለስ አይሁድ ለማስታወስ የተሰጠ ነው። ሎስ አንጀለስም በስፓኝ ቋንቋ «መላእክቱ» ማለት ነውና።

እንደ ሌላው ከተማ ሁሉ እዚህም ዘይት ፈላጊው ወደ ጋራዥ ወይም ወደ መለዋወጫ ሱቅ ይሄዳል። በእኛ ቋንቋ የኑጉም የሞተሩም ዘይት ነው፤ በዕብራይስጥም ሁለቱም ሸመን ይባላሉ። መደርደሪያው ላይ ግን የጠርሙሱ ዓይነት ብዙ ነው። ዕብራይስጡን ገና ላልለመደ ሰው እንኳ ሦስት ምልክቶችን ማወቅ ይበቃዋል።

አንደኛው የሞተሩ ዓይነት ነው። ባለ አራት ምት ሞተር በዕብራይስጥ አርባ ፔዒሞት፣ ባለ ሁለት ምት ደግሞ ሽቴይ ፔዒሞት ይባላል። በባለ አራት ምት ውስጥ ዘይቱ እየተዘዋወረ ብረቱን ያለሰልሳል፣ ሙቀቱንም ይቀንሳል። በባለ ሁለት ምት ግን ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ይቃጠላል። አንዱን በሌላው ቦታ መጨመር ሞተሩን ያበላሻል።

ሁለተኛው ቁጥሩ ነው፤ ለምሳሌ 10ደብልዩ-40። ጽሑፉ ዕብራይስጥ ቢሆንም ይህ ቁጥር ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። ፊደል ያለበት የመጀመሪያው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ እንዴት እንደሚፈስ ያሳያል፤ ሲያንስ በብርድ ቶሎ ይፈሳል። ሁለተኛው ሞተሩ ሲግል የሚኖረውን ውፍረት ያሳያል። 40 ማለት የአየሩ ሙቀት 40 ዲግሪ ነው ማለት አይደለም።

ሦስተኛው ጃሶ የሚለው ጽሑፍ ነው። ይህ ከ1998 ጀምሮ ጃፓኖች ለባለ አራት ምት ሞተር ሳይክል ዘይት ያወጡት መለኪያ ነው። በአብዛኞቹ ባለማርሽ ሞተር ሳይክሎች ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ፍሪሲዮኑ በአንድ ዘይት ውስጥ ነው የሚሠሩት። ስለዚህ ኤም ኤ ወይም ኤም ኤ 2 የሚል ይፈለጋል። ለመኪና የተሠራ አንዳንድ ዘይት ግን ፍትጊያን በጣም የሚቀንስ ቅመም ስላለበት ፍሪሲዮኑ እንዲንሸራተት ያደርጋል፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ሞተር ሳይክሉ ግን አይጎትትም። በብዙ ቃትኖዓ ፍሪሲዮኑ ከዘይት ውጭ ስለሆነ ኤም ቢ የሚለውም ይስማማዋል።

የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ከሞተሩ ጋር የመጣው መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ከጠፋ የሞተሩን ስምና የተሠራበትን ዓመት ጽፋችሁ ለባለሙያ አሳዩ። ውድ መሆኑ ብቻ ዘይቱን ተስማሚ አያደርገውም፤ ዋጋው ቢቀንስም ከመጽሐፉ ጋር የሚስማማው ይሻላል።

ገዴራ፦ ዘይቱን ማየት

ገዴራን በ1884 የቆረቆሯት ቢሉዊም የተባሉ ከሩሲያ የመጡ ወጣቶች ናቸው። ብዙዎቹ ተማሪዎች ስለነበሩ ግብርናን የለመዱት እዚሁ ነው። የጥንቷ መንደር ኮረብታ ላይ ስለተሠራች ዛሬም መንገዶቿ ሽቅብና ቁልቁል አላቸው። ይህ ለእኛ ጉዳይ ቁም ነገር ነው፤ ዳገት ላይ በቆመ ሞተር የዘይት መጠን በትክክል አይለካም።

«የኔ ልጅ፣ ዘይቱን አየኸው?» ተብሎ ሲጠየቅ «አባባ፣ መብራቱ አልበራም እኮ» የሚል ልጅ ብዙ ነው። በብዙ ቃትኖዓ ላይ ያለው የዘይት መብራት ግን የተሄደውን ኪሎ ሜትር ቆጥሮ የመቀየሪያውን ጊዜ የሚያስታውስ እንጂ ዘይቱ መጉደሉን የሚያውቅ አይደለም። የመኪና ሞተር አራት ሊትር ያህል ዘይት ሲይዝ፣ 125 ሲሲ የሆነ ቃትኖዓ የሚይዘው አንድ ሊትር ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ከዚህ ላይ 300 ሚሊ ሊትር ቢጎድል ሲሶው ያህል ሄደ ማለት ነው። በባለማርሽ ሞተር ሳይክል ላይ ደግሞ ዘይት አልቆ ፒስተኑ ከተጣበቀ የኋላ ጎማው በድንገት ሊቆምና ነጂውን ሊጥል ይችላል።

አስተያየቱ እንዲህ ነው፦ ሞተሩን ሜዳ ቦታ ላይ አቁሙ። ጥቂት ደቂቃ አስነሥታችሁ አጥፉትና ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። በጎን መቆሚያው ዘንበል ብሎ ሳይሆን ቀጥ ብሎ ይቁም። መለኪያ ዘንግ ካለው አውጥታችሁ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፣ መልሳችሁ አስገቡና እንደገና አውጥታችሁ እዩ። ሲገባ በጥምዝ ይታሰር ወይስ እንዲሁ ይቀመጥ የሚለው ከሞተር ሞተር ስለሚለያይ ከመጽሐፉ አረጋግጡ። በዘንግ ፈንታ ትንሽ መስታወት ያለው ሞተርም አለ። በሁለቱም ዘይቱ በታችኛውና በላይኛው ምልክት መካከል መገኘት አለበት።

ከጎደለ ያንኑ ዓይነት ዘይት ጥቂት ጥቂት እያላችሁ ጨምሩ፣ ደጋግማችሁም እዩ። ከላይኛው ምልክት ማለፍም ጉዳት አለው፤ ዘይቱ አረፋ ይሠራል፣ በጎሚኒዎቹም በኩል ሊወጣ ይችላል። ቀለሙ ስለ ጠቆረ ብቻ አትደንግጡ። ማኪያቶ ከመሰለ ግን ውኃ ገብቶበታል፤ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ወይም የብረት ብናኝ ከታየበትም ሳትነዱ ለባለሙያ አሳዩት።

ያቭኔ፦ ዘይቱን መቀየር

ያቭኔ ጥንታዊት ናት። ሁለተኛው ቤተ መቅደስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ70 ከፈረሰ በኋላ ራባን ዮሐናን ቤን ዛካይ የሕግ መምህራንን የሰበሰቡት በዚህች ከተማ ነው። በ2021 ደግሞ የመሬት ቁፋሮ ሊቃውንት የ1,500 ዓመት ዕድሜ ያላቸው አምስት ትልልቅ የወይን መጭመቂያዎች እዚሁ ማግኘታቸውን አስታወቁ። በዓመት 2 ሚሊዮን ሊትር ያህል ወይን ጠጅ ይወጣባቸው እንደነበር ገምተዋል።

በዚህ አገር የተቃጠለ ዘይት የሚደፋበት ቦታ መታወቅ አለበት። ያቭኔ አካባቢ አሸዋማ ነው፤ ከባሕር ዳርቻው ሜዳ ሥርም አገሪቱ ከምትጠጣው ውኃ ከፊሉ የሚወጣበት የከርሰ ምድር ውኃ አለ። አሸዋ ላይ ወይም በጎርፍ መውረጃ የተደፋ ዘይት ወደዚያ ይሰርጋል። ቤት ውስጥ የቀየራችሁ እንደሆነ የወጣውን ዘይት ክዳን ባለው ጠርሙስ አጠራቅማችሁ፣ የሚቀበል ጋራዥ ጠይቃችሁ አስረክቡ።

የመቀየሪያው ኪሎ ሜትር በመጽሐፉ ተጽፏል። ቀኑን ሙሉ በሙቀት፣ ቆም ቀጠል እያለ ምግብ የሚያደርስ ሞተር ግን ከተጻፈው ቀደም ብሎ መቀየር ይኖርበታል። ብዙ ያልተነዳም ቢሆን በዓመት አንድ ጊዜ ይቀየርለት። ቃትኖዓ በኋላ ጎማው በኩል ለማርሹ የሚሆን ሌላ ጥቂት ዘይት ስላለው እርሱንም አስታውሱ።

ጋራዥ ስትሄዱ «ኤፍሻር ሊርኦት ኤት ሀባክቡክ?» በሉ፤ «ጠርሙሱን ማየት ይቻላል?» ማለት ነው። ሲጨርሱም «ሔሽቦኒት ቤቫካሻ» ብላችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ። የዘይቱ ዓይነትና ኪሎ ሜትሩ እንዲጻፍበት ጠይቁ። ይህ መብታችሁን የምታስከብሩበት መንገድ ነው፤ ማንም ሊቆጣ አይገባውም።

አባቶቻችን በቅሎ ከመጫናቸው በፊት ኮርቻዋንና ሰኮናዋን ያዩ ነበር። ዘይት ማየትም እንደዚያ ልማድ ሊሆን ይገባል። በየሳምንቱ ዓርብ፣ ሻባት ከመግባቱ በፊት፣ አሥር ደቂቃ ስጡት። ልጃችሁ ሲያይ ወላጆችም አጠገቡ ቁሙና ተማሩ፤ ታናናሾቹም ይዩ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና።

መልካም መንገድ፣ በሰላም ግቡ።