የተሰፋች ጀልባ፤ ከሮብ ገበያ እስከ ጣና



ከደብረ ማርቆስ ተነሥታችሁ ወደ ሰሜን፣ ወደ ጮቄ ተራራ የሚያቀናውን መንገድ ስትይዙ የስናን ወረዳ ከተማ የሆነችውን ሮብ ገበያን ታገኛላችሁ። አገሩ ገብስና ድንች የሚበቅልበት፣ ጋቢ ደርቦ የሚወጣበት ደጋ ነው። ከከተማዋ በላይ ያለው ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ ከሥሩ የሚፈልቁት ወንዞችም ዞረው ዞረው ዓባይ ይገባሉ።

የዚህ ደጋ አንዱ ሀብት ቀርከሃ ነው። ቅርጫቱ፣ ምንጣፉ፣ አጥሩ፣ ወንበሩ ሁሉ ከእርሱ ይሠራል። አስተዋይ እናት ግን ቅርጫት ስትገዛ ዝም ብላ ዋጋ አትቆርጥም። ታገላብጠዋለች፤ ጠርዙን በጣቷ ትዳስሳለች፤ ሻጋታ እንዳይኖርበት ታሸተዋለች። ይህች እናት ባሕር አይታ ባታውቅ እንኳ የጀልባ ጠጋኝ ዓይን አላት ብንል ማጋነን አይሆንም። እንዴት? ትሉ ይሆናል።

በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሚረር የተባለች ትንሽ ባለሸራ ጀልባ ወጣች። ንድፏን ያወጡት ጃክ ሆልትና ባሪ በክኔል ናቸው፤ ስሟን የሰጣት ደግሞ ሥራውን የደገፈው ዴይሊ ሚረር ጋዜጣ ነው። ዓላማው አነስተኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ በገዛ ጓሮው ሊሠራት እንዲችል ነበር። አካሏ ከኮምፔንሳቶ ነው። የተቆረጡት ኮምፔንሳቶዎች ጠርዛቸው ይበሳና በመዳብ ሽቦ እርስ በርስ ይሰፋሉ፤ ከዚያም መጋጠሚያው በፋይበርግላስ ጥብጣብና በሙጫ ይደፈናል። እንግዲህ ጀልባዋ እንደ መሶብ የተሰፋች ናት ማለት ነው። ከ70,000 የሚበልጡ ሚረሮች ተሠርተዋል።

ዛሬ ከእነዚህ ጀልባዎች ብዙዎቹ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ባለቤቶቻቸውም ይጠግኗቸዋል። የኮምፔንሳቶ ጀልባ ዋና ጠላት የምትንሳፈፍበት ውኃ አይደለም። ከላይ ዘንቦ በሆዷ ውስጥ ተኝቶ የሚቀረው የዝናብ ውኃ ነው። ኮምፔንሳቶ ስስ የእንጨት ልጦች እየተሻገሩ የተጣበቁበት ስለሆነ፣ ውኃው ባልተደፈነ ጠርዝ ወይም በምስማር ቀዳዳ ገብቶ ልጦቹን ያላቅቃል፤ ሻጋታም ይከተላል።

ጠጋኙ መጀመሪያ ጀልባዋን ከጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኛት ቦታ በሚገባ ያደርቃታል። ከዚያም በትንሽ መዶሻ ቀስ እያለ ይመታታል፤ ጤነኛው እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የበሰበሰው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። የበሰበሰውን ጤነኛው እንጨት እስኪገኝ ድረስ ቆርጦ ያወጣል። ጠርዙን በቀጥታ አይተወውም፤ የውፍረቱን ስምንት እጥፍ ያህል ርዝመት ሰጥቶ በመላጊያ ያዘቀዝቀዋል። ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ቢሆን ዝቅዝቃዜው 48 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አዲሱም ቁራጭ በዚያው ልክ ይላግና በሙጫ ይያያዛል። ሙጫው ሰፊ ቦታ ሲይዝ መጋጠሚያው ይጠነክራልና። በመጨረሻ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ይቀባል።

አሁን ደግሞ ጉዟችንን ወደ ራሳችን ሐይቅ፣ ወደ ጣና እናድርግ። በጣና የወይጦ ማኅበረሰብ ከጥንት ጀምሮ የሚታወቅበት የደንገል ታንኳ አለ። ታንኳዋ ምስማር አታውቅም። የደረቀ ደንገል በእስር በእስር እየሆነ፣ በገመድ እየተጠፈረ ይሠራል። ውኃም አይከለከልባትም፤ የምትንሳፈፈው ደንገሉ በውስጡ አየር ስላለው ነው። ሲቆይ ግን ውኃ ይጠጣና ይከብዳል። ስለዚህ ቀዛፊው ከሥራ ሲመለስ ከውኃ አውጥቶ ያደርቃታል። እንዲህም ሆኖ ዕድሜዋ ከጥቂት ወራት እስከ አንድ ዓመት ቢሆን ነው።

ዕድሜዋ አጭር ነው ብላችሁ ግን አትናቋት። የኖርዌዩ ተመራማሪ ቶር ሄየርዳል የአትላንቲክን ውቅያኖስ በደንገል ጀልባ ለመሻገር ሲነሣ ደንገሉን ያስመጣው ከጣና ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 የተነሣችው ራ የተባለችው ጀልባ የኋላ ክፍሏ ውኃ ጠጥቶ ስለዘቀጠ ጉዞዋን ሳትፈጽም ቀረች። በ1970 ዳግማዊት ራ ከሞሮኮ ወደብ ሳፊ ተነሥታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰች። የጣና ዳር ተክል ውቅያኖስ ተሻገረ ማለት ነው።

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ኮምፔንሳቶ ሲበሰብስ ሌላ ኮምፔንሳቶ ከሱቅ ተገዝቶ ይጠገናል። የታንኳ መጠገኛ ግን በሱቅ አይሸጥም፤ ከሐይቁ ዳር የሚበቅለው ደንገል ብቻ ነው። ይህ ደንገል ደግሞ ዳርቻው ሲታረስ፣ ከብት ሲሰማራበትና ያለ ልክ ሲታጨድ እያነሰ መጥቷል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በጣና የታየው እምቦጭም ሌላ ጠላት ሆኖበታል። ደንገሉ ካለቀ ባለሙያው እጁ እያለ ሥራ ፈት ይሆናል፤ ልጁም ሙያውን የሚማርበት ነገር ያጣል። አሳ አጥማጁና እንጨት ጭኖ ወደ ገበያ የሚቀዝፈውም ርካሽ መጓጓዣውን ያጣል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 ጣናን በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ማስፈሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ደንገሉን የሚጠብቀው ዳር ላይ የሚኖረው ሰው ነው።

ለሮብ ገበያም ምክሩ ይኸው ነው። ቀርከሃ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ሲቆረጥ፣ ለጋው ሲተው፣ ጓሮው ዓመት ከዓመት ይሰጣል። ለጋው ተቆርጦ የተሠራ ቅርጫት ቶሎ ይነቅዛል፤ ጓሮውም ይራቆታል። እናንተም በቤታችሁ ያለውን የቀርከሃና የስፌት ዕቃ ከታጠበ በኋላ በነፋስ አድርቁት፤ በእርጥብ መሬት ላይ አታስቀምጡት፤ አንድ ክር ሲፈታ ያን ዕለት ስፉት። ልጆቻችሁንም መስፋቱን ብቻ ሳይሆን መትከሉንም አስተምሯቸው። የሚጠግኑበት ተክል ከሌለ ሙያው ብቻውን አይበቃምና።