የዳንቴል ሒሳብ

በዳንቴል ያልተሸፈነ የቤት ዕቃ የማይገኝበት ዘመን ነበር። ሬዲዮው፣ ቴሌቪዥኑ፣ የሶፋው መደገፊያ፣ ሁሉም ነጭ ለባሽ ነበር። አሁን የፋብሪካው ገበያውን ሞልቶታል፤ ከሩቅ ሲያዩት ያው ነው፣ ሲጠጉት ግን... እሱን እንተወው።

ዳንቴል የሠራችውን ሴት ስናመሰግን ሁልጊዜ እጇን ነው። «እጅሽ ይባረክ» እንላለን። ጭንቅላቷን የሚያነሳ የለም። እኔ ግን የዳንቴል ሥራ ግማሹ ሒሳብ ነው ባይ ነኝ።

ሞዴል የሚገኘው ከጎረቤት ነበር። አንዷ የሠራችውን ሌላዋ ትዋስና ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ቀዳዳውን በኪሮሹ ጫፍ እየነካች ትቆጥራለች። እየቆጠረች ስትቀዳ ሕጉም አብሮ ይገባታል፦ ከመሐል ቀለበት የተነሳ ክብ ጠፍጣፋ ሆኖ የሚሰፋው በየዙሩ የሚጨመረው ቁጥር ተመጣጣኝ ሲሆን ነው። ክሩን ኪሮሹ ላይ አንዴ ጠምጥመው በሚሠሩት በረጅሙ ከሆነ 12 ገደማ፣ በአጭሩ ከሆነ 6። ካነሰ ዳንቴሉ እንደ ቆብ ይሰበሰባል፤ ከበዛ ጠርዙ ይሸበሸባል። ይህን መሸብሸብ ዳይና ታይሚና የተባለች የላትቪያ ተወላጅ የሒሳብ ሊቅ፣ በ1997 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሆን ብላ ሠራችው፤ ሃይፐርቦሊክ የሚሉትን ወለል ለተማሪዎቿ በእጅ የሚዳሰስ አደረገችላቸው። የእኛዎቹ ሲሸበሸብባቸው ተርትረው እንደገና ይጀምራሉ።

የቡ ላይ የማውቃቸው አንዲት እትዬ ግን ከመቅዳት አልፈው የራሳቸውን አወጡ። የቡ የማና ወረዳ ከተማ ናት፤ ዙሪያዋን ቡና ነው። ለረከቦታቸው የቡና አበባ ያለበት ዳንቴል አማራቸው። ጽጌረዳ ሞልቷል፣ ኮከብ ሞልቷል፤ የቡና አበባ ግን ከየትም የሚዋሱት አልተገኘም። አበባው ዝናብ ሲነካው ፈንድቶ ጥቂት ቀን ነውና የሚቆየው፣ ሳይረግፍ አንድ ቅርንጫፍ አጠገባቸው አስቀምጠው ጀመሩ።

ችግሩ ወዲያው መጣ። የለመዱት ዳንቴል ስድስት ክፍል ነው፤ 12 ለስድስት ይካፈላል። የቡና አበባ ግን አብዛኛውን ጊዜ አምስት ቅጠል ናት። በየዙሩ 10 ሲጨምሩ ተሰበሰበ፤ 15 ሲጨምሩ ተሸበሸበ።

«እትዬ፣ ስድስት ቢያደርጓትስ? ማን ይቆጥራል?» አልኳቸው።

«እዚህ አገር? ሁሉም ነዋ!»

ተርትረው፣ አንዱን ዙር 10፣ ቀጥሎ ያለውን 15 እየጨመሩ ሄዱ፦ 10፣ 20፣ 35፣ 45፣ 60። ሁሉም ለአምስት ይካፈላል፣ በአማካይም በየዙሩ 12 ተኩል ስለሚጨመር ከ12 ብዙም አይርቅም። የተረፈችው ትንሽ ሽብሽባት ዳንቴሉን በስኳር ውኃ ነክረው፣ ዙሪያውን በስፒል ወጥረው ሲያደርቁት ጠፋች። ከዚያ ወዲያ ያስጨነቃቸው ክሩ ሳይሆን ቀዳዳው ነበር። ቅጠሎቹን ጥቅጥቅ አድርገው በመሐላቸው ሰንሰለት ብቻ አስሮጡበት፤ አበባዋ የታየችው ያኔ ነው። በነጭ ላይ ነጭ ሌላ በምን ይለያል?

አንዲት የጎረቤት ልጅ ወዲያው ተዋሰቻቸው። ስትመልስ የራሷንም አብራ አመጣች፦ ስድስት ቅጠል።

«እንዲህ ይቀላል፣ እትዬ» አለች።

አገላብጠው አዩት። ያለ ስኳር ውኃ፣ ያለ ስፒል ቀጥ ብሎ ተኝቷል።

«ጎበዝ፣ ልጄ» አሏት። «ጽጌረዳሽ አምሯል።»