«ዕድሜ ነው» ስለሚባለው ሳል



አንድ ሽማግሌ ወራት ሙሉ ሲያስል «ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረግ» ይባልና ይታለፋል። አንዳንዱ እንዲያውም በሐዲስ ይደግፈዋል። ኡሳማ ኢብኑ ሸሪክ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት፣ የገጠር ዐረቦች መጥተው መታከም ይገባን እንደሆነ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሲጠይቁ፣ እንዲታከሙ ነገሯቸው፤ ከእርጅና በቀርም መድኃኒት ያልተደረገለት በሽታ እንደሌለ አስተማሯቸው። «ታዲያ እርጅና መድኃኒት ከሌለው ሽማግሌን ማመላለስ ምን ይሠራል?» ያለን ሰው አለ። ሐዲሱ እርጅና ራሱ እንደማይድን ነው የተናገረው። ያረጀ ሰው ሲታመም አይታከም የሚል ቃል የለበትም። የ75 ዓመት አባት ወባ ሲይዛቸው ኪኒን እንሰጣለን። ሳንባቸው ላይ ዕጢ ሲወጣ ነገሩ ለምን ይለወጣል?

እኛ ደብረ ታቦር ተቀምጠን ከከተማውም፣ ከፋርጣም፣ ከእስቴም፣ ከላይ ጋይንትም የሚመጡ ሕሙማንን መዘየር የዘወትር ሥራችን ነው። ከዘየርናቸው አንዱ ዕድሜያቸው ከ70 ያለፈ አባት ነበሩ። ሲያስሉ ከረሙ። ማርና ጥቁር አዝሙድ ተሞከረ፣ ሩቅያም ተደረገላቸው። ኋላ አንድ ጤና ተቋም ሄደው አክታቸው ሲመረመር የነቀርሳ ተሕዋሲያን አልተገኘበትም፤ ራጁ ግን ጥላ ስላሳየ የሳንባ ነቀርሳ ነው ተብለው መድኃኒት ጀመሩ። ስድስት ወር ሳያስታጉሉ ዋጡ። ሳሉም አልተዋቸው፣ ጀለቢያቸውም እየሰፋባቸው ሄደ። ባሕር ዳር ወርደው ሲቲ ስካን ተነሥተው፣ በመርፌ ናሙና ከተወሰደ በኋላ ነው ካንሰር መሆኑ የታወቀው።

ይህ በእሳቸው ብቻ የደረሰ አይደለም። ነቀርሳ በበዛበት አገር ሁሉ የሳንባ ካንሰር መጀመሪያ ነቀርሳ ተብሎ መታከሙ የተለመደ ነው፤ ሳሉ፣ ደም የቀላቀለው አክታ፣ መክሳቱ፣ ሁሉም ይመሳሰላልና። ስለዚህ የነቀርሳ መድኃኒት ከጀመረ ሁለት ወር ሞልቶት ለውጥ ያላየ ሰው መድኃኒቱን በራሱ ሳያቋርጥ ተመልሶ ሐኪሙን «ሌላ ነገር ቢሆንስ?» ብሎ ይጠይቅ። «ሲጋራ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም» የሚለውም አያዘናጋችሁ። ሲጋራ ዋናው ምክንያት ቢሆንም ካላጨሰም ሰው ላይ ይወጣል። ከጉና ሥር ያለ ሰው ደግሞ ብርዱን ሽሽት በር ዘግቶ እንጨት ሲያነድ ነው ዕድሜውን የሚገፋው፤ በተለይ እናቶቻችን። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም የቤት ውስጥ የእንጨት ጭስን ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም ከሚላቸው ነገሮች መድቦታል።

ወደ አባታችን እንመለስ። ውጤቱ ሲሰማ ልጆቹ ተሰበሰቡ። ታላቁ «ሽማግሌ ነው፣ አናንገላታው» አለ። ሌላው «በሬዎቹን ሸጠን አዲስ አበባ እንውሰደው» ብሎ ተነሣ። ክርክሩ እስከ ዒሻ ዘለቀ። አባትየው በጓዳ በኩል ተኝተው ነበር፤ የጠየቃቸውም የነገራቸውም የለም።

ሕክምና የሚያውቁ ወንድሞቻችን ያስረዱን እንዲህ ነው። የልደት ዘመን ብቻውን አይወስንም። ካንሰሩ የት ደርሷል? ሰውየው ብቻቸውን ይታጠባሉ፣ ይለብሳሉ? ከቀኑ ግማሽ በላይ ተኝተው ነው የሚውሉት? ኩላሊታቸውስ፣ ስኳርስ፣ ደም ግፊትስ? ቤት ውስጥ የሚያስታምማቸው አለ? እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የፈረንሳይ ጥናት ዕድሜያቸው ከ70 እስከ 89 የሆነ፣ ካንሰሩ የገፋባቸው 451 ሕሙማንን ተመልክቷል። ሁለት መድኃኒት የተቀላቀለበት ኬሞቴራፒ የወሰዱት መካከለኛ የመኖር ጊዜ 10.3 ወር፣ በአንድ መድኃኒት የታከሙት 6.2 ወር ነበር። ነገር ግን በሕክምናው ጠንቅ የሞቱት በመጀመሪያው ቡድን ይበዛሉ። አራት ወር ለአንዱ አባት የልጅ ኒካሕ ማያ ነው፤ ለሌላው የመርፌና የማስታወክ ጊዜ ነው። ይህን ሚዛን ከሰውየው በቀር ማን ሊይዘው ይችላል?

መንገዱም ከሚዛኑ ይገባል። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአገራችን የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነው፤ ከዚህ አዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ኬሞቴራፒ ግን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ይሰጣል። እሱም ቢሆን፣ መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን እንኳ፣ ለደከመ ሰው ቀላል ጉዞ አይደለም።

ልጆቹን ያስታወስናቸው ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ያወሩትን ነው። የሚጥል በሽታ ያለባት ጥቁር ሴት ዱዓ እንዲያደርጉላት ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጣች። እሳቸውም ብትታገሥ ጀነት እንዳላት፣ ከፈለገችም እንድትድን ዱዓ እንደሚያደርጉላት ነግረው አስመረጧት። እሷም ትዕግሥትን መረጠች፤ ስትወድቅ ገላዋ እንዳይገለጥ ብቻ ለመነች። ነቢዩ የበሽተኛዋን ፈቃድ ከጠየቁ፣ ልጅ አባቱን ለመጠየቅ ምን ያፍራል? ደግሞስ በሽታው የተደበቀበት ሰው ወሲያውን መቼ ይናገራል? ዕዳውን፣ የሰው አማናውን፣ አውፍ የሚባባለውን ሰው?

ነገሯቸው። ጥቂት ዝም አሉና «ረመዳን ቤቴ እደርሳለሁ?» ብለው ጠየቁ። ሐኪሙ የሚያውቀውን ያህል ነገራቸው። ጎንደር እየተመላለሱ አራት ዙር ወሰዱ፤ ሳሉም ቀለል አለላቸው። አምስተኛውን «በቃኝ፣ አፊያ በሉኝ» አሉ። የሚድን አይደለም በተባለ ሕመም ሕክምና ማቆማቸው እንደ ብዙ ዑለማ አባባል ወንጀል የለበትም። ረመዳን ሲገባም አልጾሙም፤ እንደ እሳቸው መዳኑ ተስፋ ያልተደረገበት ሕመምተኛ በየቀኑ አንድ ሚስኪን ያበላል፣ ልጆቹም አበሉላቸው።

ኬሞቴራፒ ቆመ ማለት ሕክምና ቆመ ማለት አይደለም፤ ይህን ብዙ ቤተሰብ አያውቀውም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ካንሰራቸው የተሰራጨ የሳንባ ሕሙማን ስቃይን የማስታገስ እንክብካቤ ከመጀመሪያው ከሕክምናው ጋር ሲያገኙ ኑሯቸው እንደሚሻል ብቻ ሳይሆን መካከለኛ የመኖር ጊዜያቸውም ከ8.9 ወደ 11.6 ወር ከፍ እንዳለ አሳይቷል። አባታችን ግን ሞርፊን የሚለውን ስም ሲሰሙ «ሐራም አታጠጡኝ» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ሐኪም ለሕመም በለካው መጠን ሲያዝዘው የዶሩራ ጉዳይ እንደሆነ፣ ለስካር የሚወሰደው ሌላ መሆኑን ኢማማችን ራሳቸው መጥተው አስረዷቸው። ያን ጊዜ ተቀበሉ። ሽሮፑ በየአራት ሰዓቱ ነው የሚሰጠው፤ ሆድ ስለሚያደርቅ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ ይጠየቅ። ሕመሙ ጋብ ካለላቸው በኋላ ትራስ ተደግፈው እየሰገዱ፣ ዕዳቸውን አንድ በአንድ አስጻፉ፤ ለአንድ የዱቄት ነጋዴ 340 ብር፣ ለጎረቤታቸው ደግሞ ሁለት ቁና ገብስ። አላህ ይዘንላቸው።