ሂተሩ ሲቀዘቅዝ

የድሬዳዋ ሰው ስለ መኪና ሂተር ይጨነቃል ብላችሁ አትጠብቁ። የእኔን ለዓመታት ነክቼው አላውቅም ነበር። ጥቅሙን ያወቅሁት ታኅሣሥ 18 ምሽት፣ የ80 ቀን ልጃችንን ክርስትና ልናስነሳ ወደ ቁልቢ ገብርኤል ስንወጣ ነው።

መንገዱን ታውቁታላችሁ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቁልቢ ከ2,000 ሜትር በላይ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ እንኳ ዳገቱን ሸሽቶ ከታች ቀርቷል፤ ከተማችንም የተቆረቆረችው በዚያ ምክንያት ነው።

ደንገጎ ስንደርስ ብርዱ ገባ። ባለቤቴ ሕፃኗን በጋቢ ጠቅልላ «እስኪ ሙቀት ልቀቅልን» አለችኝ። ስከፍተው የመጣው ቀዝቃዛ ነፋስ ነው። የሙቀት መለኪያው መርፌ ግን ከወትሮው ቦታው አልተነቃነቀም። ልቀጥል ስል አማቴ ከኋላ «ልጄ፣ ቁም፤ ልብስ እንደርብላት» አሉኝ። በቆምንበት አንድ የአይሱዙ ሾፌር ነገሩን ሰምቶ «ወንድሜ፣ ውሃህን አይተሃል?» አለኝ።

ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቀን ክዳኑን ስንከፍት ውሃው አይታይም። 3 ሊትር ያህል ጠጣ። አንድ የቱቦ ማሰሪያ ላልቶ ያንጠባጥብ ኖሯል። አጥብቀን ሞተሩን ስናስነሳ፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሞቃት አየር መጣ።

ሂተር የራሱ እሳት የለውም። ሞተሩ ያሞቀው ውሃ ከዳሽቦርዱ ሥር ባለች ትንሽ ራዲያተር ሲያልፍ ፋኑ ሙቀቱን ወደ እኛ ይገፋል። ውሃ ሲጎድል ብዙ ጊዜ ቀድማ የምትደርቀው እሷ ናት። መለኪያውም ውሃ ካልነካው እውነቱን ላይናገር ይችላል። ያን ምሽት ዝም ብዬ ብነዳ ቴስታታው ተቃጥሎ፣ ከነሕፃኗ ጨለማ ውስጥ እንቀር ነበር።

እናንተም ሂተራችሁ እንቢ ካለ በዚህ ቅደም ተከተል እዩት። ነፋስ ጭራሽ ከሌለ ፊውዙን ወይም ፋኑን ጠርጥሩ። ነፋሱ ኖሮ ከቀዘቀዘ፣ ሞተሩ በርዶ ሳለ ውሃውን እዩ፤ የጋለ ክዳን ፈጽሞ አትክፈቱ። ውሃው ሙሉ ከሆነ፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ወደ ሂተሩ የሚገቡትን ሁለት ቱቦዎች በጥንቃቄ ዳስሱ። አንዱ ሞቆ ሌላው ከቀዘቀዘ ውስጡ ተደፍኗል። ሁለቱም ከሞቁ ችግሩ መቆጣጠሪያው ጋ ነው። ሁለቱም ለብ ብቻ ካሉ ቴርሞስታቱ መኖሩን ጠይቁ፤ «ለቆላ አያስፈልግም» ብሎ የሚያወጣው መካኒክ አይጠፋም።

ዛሬ በሰኔ ሐሩር እንኳ ቅዳሜ ጠዋት ሂተሩን ለ2 ደቂቃ እከፍተዋለሁ። ባለቤቴ በላብ ተጠምቃ ትስቃለች፤ ዝጋው ግን ብላኝ አታውቅም።