የአያቴ እግር

ለመጽሔታችን እንድጽፍ ስታዘዝ ወደ ልቤ የመጣው የአያቴ እግር ነው።

ዲምቱ በሚገኘው ቤታችን ማታ ማታ የአያቴን እግር የማጥበው እኔ ነኝ። አያቴን የስኳር በሽታ ከያዛቸው ብዙ ዓመት ሆኗል። ባለፈው በጋ ከማሳ ሲመለሱ የግራር እሾኽ በረባሶአቸውን በስቶ ውስጥ እግራቸው ገባ። እርሳቸው አልተሰማቸውም። እኔም ለጨዋታ ስቸኩል ውኃ አፍስሼ ላይ ላዩን አጠብሁ እንጂ ውስጥ እግራቸውን ገልብጬ አላየሁም። ሽታው ሲነግረን ቁስሉ ጠልቆ ነበር።

ሶዶ ወደ ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። ሁለት ጣቶቻቸው ተቆረጡ። ሐኪሙ፦ «አባባ፥ ሲወጋዎ አላመመዎትም?» ብለው ቢጠይቋቸው፥ አያቴ «ቢያመኝማ ኖሮ እነቅለው አልነበረምን?» ሲሉ መለሱ። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

በወላይታ ደጋ እግርን የሚያሳብጠው ዝሆኔ ጫማ በማድረግና እግርን በመታጠብ እንደሚታገድ ከልጅነታችን ሰምተናል። ስለ ስኳር በሽተኛ እግር ግን የሰማሁት ያን ቀን ነው። ስኳር በደም ውስጥ ለብዙ ጊዜ ሲበዛ ነርቭን ያደነዝዛል፤ የደም ሥርንም ያጠብባል። ደም በሚገባ ካልደረሰ ኦክሲጅን አይደርስም፤ ኦክሲጅን ያነሰው ቁስል ደግሞ ቶሎ አይገጥምም።

ነገሩን ለሳይንስ መምህሬ ባጫውታቸው ስለ አንድ ሕክምና ነገሩኝ። በሽተኛው ጥብቅ ሆኖ በተዘጋ ክፍል ገብቶ፥ ከተለመደው ከ2 እስከ 2.5 እጥፍ በሚሆን የአየር ግፊት ንጹሕ ኦክሲጅን ይተነፍሳል። የምንተነፍሰው አየር ከመቶ 21 እጁ ብቻ ኦክሲጅን ነው። በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ውስጥ ጋዝ በግፊት እንደሚሟሟ ሁሉ፥ ኦክሲጅኑም በደሙ ፈሳሽ ውስጥ ይሟሟል። ሕክምናው በየዕለቱ 90 ደቂቃ ያህል እየተሰጠ ለብዙ ሳምንታት ይቀጥላል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1960 ዓ.ም. የአምስተርዳሙ ቀዶ ሐኪም ቡሬማ፥ ቀይ የደም ሕዋሳቸው ከሞላ ጎደል የተወገደ ዐሣማዎች በዚህ ዓይነት ክፍል በሕይወት ሊቆዩ እንደሚችሉ አሳይተዋል።

«እንግዲያው የአያቴን ጣቶች ያድንልን ነበር?» አልኋቸው። መምህሬም ሐኪሞች ገና እንደሚከራከሩበት፥ አንዳንዱ ጥናት ጥቅሙን ሲያሳይ ሌላው እንዳላገኘው ገለጹልኝ። ደግሞም ቁስልን ለማጽዳት፥ ስኳርን ለመቈጣጠርና የቈሰለውን እግር ከመርገጥ ለማሳረፍ ረዳት ነው እንጂ ምትክ አይደለም አሉኝ። በመጨረሻም «ልጄ፥ ያ ክፍል እሾኽ አይነቅልም» አሉ።

ያ ቃል እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። አሁን ውኃው እንዳያቃጥላቸው አስቀድሜ በክንዴ እለካለሁ፤ በጣቶቻቸው መካከል በደንብ አደርቃለሁ፤ ውስጥ እግራቸውን በኩራዝ አያለሁ፤ በረባሶአቸውንም በእጄ እዳብሳለሁ። ቁስሉ ከአምስት ወር በኋላ ገጠመ። አያቴ ማታ ማታ «ዛሬስ ምን አየሽ?» ይሉኛል። «ደኅና ነው» ስላቸው ይመርቁኛል፤ እኔ ግን የጎደሉትን ሁለት ጣቶች ባየሁ ቍጥር ያ የጨዋታ ምሽት ትዝ ይለኛል።

ጓደኞቼ ሆይ! በቤታችሁ የስኳር በሽተኛ ካለ እግሩን አጥባችሁ ብቻ አትነሡ፤ ገልብጣችሁ እዩ። ትንሽ ቁስል ብታገኙም ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሐኪም ውሰዱት። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ ነው።